ስለ ጡረተኞች ተጨማሪ የሕክምና ኢንሹራንስ

በአሜሪካ ተቀምጠው በሥራ ላረጁ ወላጆች የትኛው ተጨማሪ ኢንሹራንስ እንዲሻል ልጆቻቸው አጥብቀው ይጠይቃሉ።

ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት ኢንሹራንስ በ1965 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ፊርማ የቆመ ሲሆን፤ 65 ዓመት ለሞላው ሰው የዓመቱን መነሻ ከከፈለ በኋላ ከሐኪሙ ዋጋ ከመቶው 80ውን ይከፍልለታል። 20ው በበሽተኛው ላይ ይቀራል። ሲሰሙት ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ለዚህ ዕዳ ወሰን አልተደረገለትምና ነቀርሳ የያዘው ሰው ቤቱን እስከ መሸጥ ሊደርስ ይችላል።

ጉድለቱን ለመሙላት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሜዲጋፕ ነው፤ በየወሩ ገንዘብ እየተከፈለበት የቀረውን ዕዳ ይሸፍናል፤ ሜዲኬርን ወደሚቀበል ሐኪም ሁሉም ያስኬዳል። መድኃኒት ግን ለብቻው ይገዛል። ዓይነቱ በላቲን ፊደል ይለያል፤ ከሦስት ግዛቶች በቀር «ጂ» የተባለው ከየትኛውም ኩባንያ ቢገዛ ጥቅሙ አንድ ስለ ሆነ፤ ዋጋውን ሳያነጻጽሩ መግዛት ገንዘብን መጣል ነው። ሁለተኛው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ነው። ወርኃዊ ጭማሪው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው ወይም ከነጭራሹ የለም፤ ለዓመቱም ወጪ ወሰን አለው። ነገር ግን ኩባንያው በመዘገባቸው ሐኪሞች ይወስናል፤ ለብዙ ሕክምናም አስቀድሞ ፈቃድ ያስጠይቃል።

ከዋጋው ይልቅ የሚያስፈራው ጊዜው ነው። ሰው 65 ዓመት ሞልቶት የሜዲኬርን ክፍል «ቢ» ከያዘበት ወር ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ሜዲጋፕን የጠየቀ እንደ ሆነ፤ ኩባንያው ሕመሙን አይቶ ሊከለክለው ወይም ዋጋ ሊጨምርበት አይችልም። ጊዜው ካለፈ ግን በአብዛኛው ግዛት መርምሮ እምቢ ማለት ይፈቀድለታል። ስለዚህ ጤና ሳለ ርካሹን የያዘ ሰው፤ ልቡን ከታመመ በኋላ መመለስ ቢሻ በሩ ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል። በ65 ዓመቱ መጀመሪያ አድቫንቴጅን ለመረጠ ሰው ግን ለመመለስ የ12 ወር ፈቃድ አለው።

ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱትም ይህን ይወቁ፤ ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ እጅግ በጥቂቱ ካልሆነ አይከፍልም። ሜዲጋፕ «ጂ» እና «ኤን» ግን ከጉዞው በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ለተነሣ ድንገተኛ ሕመም፤ በሽተኛው 250 ዶላር ከከፈለ በኋላ፤ ከመቶው 80ውን ይከፍላሉ፤ ይህም በዕድሜ ልክ 50,000 ዶላር እስኪሞላ ድረስ ነው። ክረምቱን ሙሉ ከዘመድ ቤት ሊከርሙ ለሚመጡ እናት 60 ቀን አይበቃምና፤ ለቀሩት ቀናት የጉዞ ኢንሹራንስ ከመነሣታቸው አስቀድሞ ይገዛላቸው።