ከተዋናዩ ቀድሞ የሚያለቅስ ሙዚቃ

አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ያሉት ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ እንደሚሰማ ለማስረዳት ነው። ዳሩ ግን ይህ አባባል ለሌላም ጉዳይ የሚያገለግል ሆኖ ይታየኛል። ዓይናችን ያየውን ነገር እንመረምራለን፤ እንጠራጠራለን፤ «ይኽ እውነት ነውን?» ብለንም እንጠይቃለን። ጆሮአችን ግን የሰማውን ሁሉ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ወደ ልብ ያስገባዋል። ለዚህም ዓይነተኛ ማስረጃ የሚሆነን ማታ ማታ በየቤታችን የምንመለከተው የቴሌቪዥን ድራማ ነው።

አንዲት ወጣት በመስኮት አጠገብ ቆማ ወደ ውጭ ትመለከታለች እንበል። በፊቷ ላይ ደስታም ኀዘንም አይነበብም። በዚህ ጊዜ ክራር በትዝታ ቅኝት ቀስ ብሎ ቢመታ የራቃትን ሰው የምታስታውስ ትመስለናለች። ዝቅ ያለ የከበሮ ድምፅ እየፈጠነ ቢሄድ አንድ ክፉ ሰው ወደ ቤቷ የሚመጣ ይመስለናል። ሙዚቃ ጨርሶ ሳይኖር ከግቢው በር ላይ የመኪና ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ቢሰማ ደግሞ የምትጠብቀው ሰው መድረሱን እናውቃለን። ሥዕሉ ያው አንድ ነው፤ ታሪኩን ሦስት ያደረገው ድምፁ ነው።

እንግዲህ ይህን ያኽል ሥልጣን ያለው ነገር እንዴት እንደተያዘ መመርመር ተገቢ ይሆናል። የዛሬው አሳቤም ባጭሩ የሚከተለው ነው። በብዙዎቹ ድራማዎቻችን ሙዚቃው ተዋናዩን ማገልገሉን ትቶ በተዋናዩ ቦታ ተቀምጧል፤ ከዚያም አልፎ ተመልካቹ በሰው ላይ ቸኩሎ እንዲፈርድ ያስለምደዋል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የድራማ ወዳጅ የነበረው ሕዝብ ከቴአትር ቤት ሌላ የነበረው መሣሪያ ራዲዮ ነበር። ራዲዮ ሥዕል ስለሌለው በሩን፣ ዝናቡን፣ የፈረሱን ኮቴ፣ የሰውየውን ድካም ሳይቀር በድምፅ መሥራት ግዴታው ነው። ቴሌቪዥን ሲመጣ ዓይን አንድ ትልቅ ነገር አገኘ፤ ጆሮ ግን በዚያው ልክ የተረሳ ይመስላል። በሩ መከፈቱ ከታየ ድምፁ ምን ያደርጋል የተባለ እንደሆነ መልሱ ቀላል ነው። በር በቁጣ ሲዘጋና በእፍረት ሲዘጋ ለዓይን አንድ ሊመስል ይችላል፤ ለጆሮ ግን አንድ አይደለም።

ይህን ነገር ቀደም ብለው የተረዱ አሉ። የአሜሪካ ፊልም መናገር በጀመረበት በእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ መጨረሻ ጃክ ፎሊ የተባለ የሆሊውድ ባለሙያ ሥዕሉን እየተመለከተ የተዋናዮቹን እርምጃ በራሱ እግር እየረገጠ፣ የልብሳቸውን ድምፅ በጨርቅ እየፈተገ ይቀዳ ነበር። ሙያው እስከ ዛሬ ድረስ በስሙ ይጠራል። አልፍሬድ ሂችኮክ የተባለው ዲሬክተርም እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው «ሳይኮ» በተባለው ፊልም ውስጥ ያለውን የመታጠቢያ ቤት ግድያ ያለ ሙዚቃ ሊያሳይ አስቦ ነበር። በርናርድ ኸርማን የተባለው የሙዚቃ ደራሲ በቫዮሊን የሠራውን ባሰማው ጊዜ ግን አሳቡን ለወጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ይኸው ዲሬክተር «ወፎቹ» የተባለውን ፊልም ያለ ተለመደው የሙዚቃ ድርሰት በወፎች ጩኸትና በጸጥታ ብቻ አስፈሪ አደረገው። ከዚህ የምንማረው ሙዚቃ መጥፎ መሆኑን አይደለም። ሙዚቃ የሚገባበትም የማይገባበትም ቦታ ያለው መሆኑንና ይህንንም መዝኖ የሚወስን ሰው የሚያስፈልግ መሆኑን ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የዛሬው የአማርኛ ድራማ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያት ባሉት ባለግቢ ቤቶች ውስጥ ነው። በዚያ ሰፈር የሚኖር ሰው የሰፈሩን ድምፅ ያውቀዋል። የጄት ዘመን ሲመጣ አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረበት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሰማዩ ዝም ብሎ አያውቅም። ገና ሳይነጋ ከቦሌ መድኃኔ ዓለም የሚመጣ ቅዳሴ፣ ከመስጊድ የሚሰማ አዛን፣ ረፋዱ ላይ «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፍ ሰው፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር፣ ከሚሠራው ፎቅ የሚመጣ የሚክሰር ጩኸት፣ ሌሊት የውሻ ድምፅ ሁሉ በዚያ አለ። በድራማው ውስጥ ግን ያ ቤት በምድር ላይ ያለ አይመስልም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማው አንድ የፒያኖ ዜማ ብቻ ነው።

ይህም የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቀረጻው የሚካሄደው በኪራይ ቤትና በጥቂት ቀን ስለሆነ፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ሥራ ማቆም ገንዘብ ያስከፍላል። ስለዚህ የተበላሸው ድምፅ እንዳለ ይቀራል፤ ኋላም ጉድለቱ እንዳይታወቅ ሙዚቃ ይነጠፍበታል። ያልተጠረገ ወለል በምንጣፍ እንደሚሸፈን ማለት ነው። ገንዘብ የማይጠይቅ መፍትሔ ግን አለ። የቀረጻው ጓድ ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ሁሉም ለአንድ ደቂቃ ዝም ብሎ የክፍሉን የራሱን ጸጥታ ቢቀዳ፣ በየንግግሩ መካከል ያለው ክፍተት በዚያ ይሞላል፤ ሙዚቃም ከምንጣፍነት ነጻ ይወጣል። ታሪኩ የቦሌ ከሆነ ደግሞ አውሮፕላኑ ራሱ ለምን አይናገርም? ልጇን ወደ ውጭ አገር ልካ የተመለሰች እናት በጓዳዋ ተቀምጣ ሳለ በጣራዋ ላይ የሚያልፈው የአውሮፕላን ድምፅ ከማናቸውም ቫዮሊን ይልቅ ልብ ይነካል።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የባሕር ማዶ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሰማት በጀመረ ጊዜ ስለ ባህል ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ስለ ሙያው ግን የተነገረው ጥቂት ነው። ድራማውን ለውጭ ገበያ የሚያዘጋጁት ሰዎች ንግግሩን ለብቻ፣ ሙዚቃውንና ልዩ ልዩ ድምፁን ለብቻ አድርገው ይይዛሉ። ስለዚህ የቱርኩ ድራማ ወደኛ ሲመጣ የሚለወጠው ንግግሩ ብቻ ነው፤ የበሩ፣ የኮቴውና የብርጭቆው ድምፅ ኢስታንቡል ውስጥ እንደተሠራ ይቀራል። በዚህም ምክንያት የኛ ተመልካች በአማርኛ ንግግር ሥር በጥንቃቄ የተሠራ ድምፅ መስማት ለመደ። «የውጭው ለምን ይጥማል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንደኛው ክፍል ከዚህ የሚገኝ ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የሚከተለው ነው። ከገጠር የመጣ ሰው በሳሎኑ በር ብቅ ሲል ዋሽንት ይነፋል። ዘበኛው አፉን ሲከፍት ማሲንቆ የሚያስቅ ዜማ ትመታለች። የባለጸጋው ልጅ ስታዝን ፒያኖ ያጅባታል። በአዝማሪ እጅ ስታወድስ፣ ስትወቅስ፣ ስታስለቅስ የኖረች ማሲንቆ በዘበኛ መሳለቂያ እንድትሆን ተፈረደባት ማለት ነው። ዘበኛውስ ኀዘን የለውምን? «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በሚተላለፍበት ዘመን በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ መነጋገሪያ እንደነበረ እናስታውሳለን። ይህን ያኽል ሰው የሚሰማው ነገር ልማድ ይተክላል። ነገ ጠዋት በመሥሪያ ቤታችሁ መስኮት ፊት ማመልከቻውን ይዞ የሚቆመው ባላገር ከጀርባው ሙዚቃ የለውም። ነገር ግን ለዓመታት ይህን የለመደ ጆሮ ሰውየው ገና ሳይናገር ዜማውን ይሰማለታል፤ ፍርዱንም ከዜማው ይወስዳል።

የሙዚቃው ባለቤትነት ነገርም ሊታሰብበት ይገባል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እንደዚያም ሆኖ ከባሕር ማዶ ፊልም የተነቀለ ዜማ በድራማችን ውስጥ ስንሰማ ማንም አይደነቅም። በአንጻሩ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2005 የጂም ጃርሙሽን «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለ ፊልም አድምቋል፤ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖም እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው «ፓሲንግ» በተባለው ፊልም ውስጥ ተሰምቷል። ሌላው ዓለም ከኛ ሲፈልግ እኛ ከሌላው እንለቅማለን። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶቻችን፣ እነርሱንም የሚያውቁ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች እያሉ ይህ ሊሆን አይገባውም ነበር።

«ገንዘብ የለንም፤ ጊዜም የለንም» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። እውነትም ነው። ቢሆንም ቅሉ ጸጥታ በገንዘብ አይገዛም። በአገራችን ሙሾ አውራጅ ሰው ሳይሞት ሙሾ አታወርድም፤ ስታወርድም የሟቹን ስምና ሥራ ጠይቃ፣ ለእርሱ የሚስማማውን መርጣ ነው። የድራማችንም ሙዚቃ ከእርሷ ይህን ያኽል ሥርዓት ቢማር ይበቃው ነበር።

ወጣት ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ አንድ ቀን ማታ የምትወዱትን ድራማ ለአምስት ደቂቃ ድምፁን አጥፍታችሁ ተመልከቱት፤ ቀጥሎ ለአምስት ደቂቃ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡት። ኀዘኑን የነገራችሁ ተዋናዩ ነው ወይስ ዜማው? ሰውየውን የጠላችሁት በሥራው ነው ወይስ በገባበት ሙዚቃ? ይህን መለየት የቻለ ሰው በድራማ ብቻ ሳይሆን በዜናም፣ በማስታወቂያም፣ በአዳራሽ ንግግርም አይታለልም። ድራማ ለምትሠሩትም ወገኖች የምለው ጥቂት ነው፤ መጀመሪያ ሰውየው ይናገር፤ ሙዚቃው ተራውን ይጠብቅ።