ስሙ የተጻፈበት ሰው

ምስጢራዊ ሰነዶችን የሚያወጣው የዊኪሊክስ ድረ ገጽ መሥራች ጁሊያን አሳንጅ በሰኔ 2016 ዓ.ም. በፓስፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው የሳይፓን ደሴት ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ የአሜሪካን የመከላከያ ምስጢር ለማግኘትና ለማሰራጨት አሲሯል የሚለውን አንድ ክስ አምኖ ወደ አገሩ አውስትራሊያ ገባ። ለንደን ውስጥ ከ5 ዓመት በላይ ታስሯልና መፈታቱ አስደስቶኛል። ዳኛዋ ከተናገሩት ግን አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በጉዳዩ ተጎጂ የሆነ ግለሰብ እንደሌለ መንግሥት ራሱ ማሳወቁን ጠቅሰው፣ በምስጢሩ መውጣት አካሉ መጎዳቱ የታወቀ ሰው የለም አሉ። ለፍርድ ቤት ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። የ2003ን ጳጉሜን ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ጋዜጠኛ ግን አይበቃም።

በዚያ ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዊኪሊክስ የአሜሪካ ኤምባሲዎችን ከ250 ሺህ የሚበልጡ የውስጥ መልእክቶች፣ የማንንም ስም ሳይሸፍን፣ እንዳሉ ለቀቃቸው። ከአዲስ አበባ የተላከ አንዱ መልእክት የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት «አዲስ ነገር» ጋዜጣን ዝም ለማሰኘት 6 አዘጋጆቹን በዝርዝር መያዙን ያወሳል። ጋዜጣው በኅዳር 2002 ተዘግቶ አዘጋጆቹ ከተሰደዱ ቆይቷል። መልእክቱ ግን የሌላ ጋዜጠኛ፣ የአርጋው አሽኔን ስም ከነአባቱ ይጠራል፤ ወሬውን ያገኘው ከዚያው ጽሕፈት ቤት ሰው መሆኑንም ይገልጻል። የጋዜጠኞች መብት ተሟጋቹ ሲፒጄ እንደዘገበው አርጋውን በመጀመሪያ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣ ቀጥሎ ፖሊስ ጠሩት፤ ምንጭህን በ24 ሰዓት ውስጥ ተናገር ተባለ። አገሩ ለእንቁጣጣሽ ሲዘጋጅ እሱ ተሰደደ። በእነዚህ መልእክቶች ስሙ በመጠቀሱ ቀጥተኛ መዘዝ እንደደረሰበት ሲፒጄ ያረጋገጠው የመጀመሪያው ጋዜጠኛ እሱ ነው።

እኔ ደግሞ ስሙ ያልተጠቀሰውን ሰው አስባለሁ። በዚያ ቢሮ ተቀምጦ፣ አርጋው መጠራቱን ሰምቶ፣ የስልክ ጥሪ ባቃጨለ ቁጥር ልቡ የሚመታውን። ስለ ምስጢር ማውጣት ሥነ ምግባር ስንከራከር ይህ ሰው ብዙ ጊዜ አይነሳም። ዊኪሊክስ መልእክቶቹ የተቆለፉበትን ፋይል የይለፍ ቃል በመጽሐፍ ያተሙት የእንግሊዙ ጋዜጣ የጋርዲያን ጋዜጠኞች ናቸው ጥፋተኞቹ ይላል፤ ጋርዲያን ደግሞ ሁሉንም ያለ ሽፋን የለቀቀው ዊኪሊክስ ነው ይላል። ክርክሩ በለንደን ሰዎች መካከል ነበር።

ይህን ስል ምስጢር አይውጣ ማለቴ አይደለም። መንግሥት በሕዝብ ላይ የሚፈጽመውን ሲደብቅ የሚያወጣው ሰው ውለታ ይውላል። የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ኩባንያ ኢሜይሎች በ2007 ክረምት ተጠልፈው ባይወጡ ኖሮ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ተቋም የሆነው ኢንሳ የስለላ ሶፍትዌሩ ደንበኛ እንደነበረ በራሱ በኩባንያው ወረቀት አናየውም ነበር። የካናዳው የጥናት ተቋም ሲቲዝን ላብ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች በዚያ ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን ከዚያ ከአንድ ዓመት በፊት ቢናገርም፣ ማስተባበል ቀላል ነበር።

አሜሪካዊውን ምስጢር አውጪ ዳንኤል ኤልስበርግን የማከብረው በድፍረቱ ብቻ አይደለም። ስለ ቬትናም ጦርነት የተጻፈውን 47 ጥራዝ፣ 7 ሺህ ገጽ የሚሆን ሰነድ ከቢሮ በቦርሳ እያወጣ ሌሊት ሌሊት ፎቶ ኮፒ ሲያደርግ፣ «ጥብቅ ምስጢር» የሚለውን ከየገጹ አናት በመቀስ ሲያስቆርጥ፣ እያንዳንዱ ጥራዝ ምን እንደያዘ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ለጋዜጦች ሲሰጥ ስለ ሰላም ድርድሩ የሚተርኩትን 4 ጥራዞች አስቀራቸው፤ ድርድሩን እንዳያበላሹ። የዕድሜ ልክ ያህል እስራት ተደቅኖበት ይህን መለየት ችሏል። ሩብ ሚሊዮን መልእክት በአንድ ቁልፍ የሚለቅ ሰው ግን ማንን እንደሚጎዳ ሊያውቅ አይችልም፤ አላነበበውምና።

ያልተነበበ ክምር ሌላም መዘዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአንድ የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ ኢሜይሎች በገፍ ሲለቀቁ፣ ስለ ፒዛ የተጻፉ ተራ መስመሮችን የወንጀል ኮድ ናቸው ያሉ ሰዎች ተነሱ፤ ያንን ያመነ ሰው ዋሽንግተን ወደሚገኝ ፒዛ ቤት ጠመንጃ ይዞ ገብቶ ተኮሰ። የሴራ ወሬ ሁሉ ከባዶ አይነሳም፤ ከእውነተኛ ወረቀት ቁራጭም ይነሳል።

ወደ ራሳችን ልምጣ። በቴሌግራምና በፌስቡክ «ሾልኮ የወጣ» ተብሎ የሚለጠፈውን ደብዳቤ ሁላችንም አይተናል። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ በስልክ የተነሳ፣ ክብ ማህተምና ቲተር ያረፈበት። ከላይ በስክሪፕቶ የተሞላ ቁጥርና ቀን አለ። ከታች «ግልባጭ» ይልና ሦስት ወይም አራት ክፍሎችን ይዘረዝራል። አንባቢ የሚያየው «ጉዳዩ» የሚለውን ነው፤ የደህንነት ሰው የሚያየው ግልባጩን ነው። መዝገብ ቤት ሄዶ ደብዳቤው ለእነማን እንደወጣ ማየት ብቻ ይበቃዋል። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ምስጢራዊ ሰነድ ለጋዜጠኞች የላከችው ሪያሊቲ ዊነር እ.ኤ.አ. በ2017 የተያዘችው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ጋዜጠኞች ሰነዱን ለማጣራት ቅጂውን ለመንግሥት አሳዩ፤ የመታጠፍ ምልክቱ ከማተሚያ የወጣ ወረቀት መሆኑን አሳበቀ፤ ያተሙት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። 5 ዓመት ከ3 ወር ተፈረደባት።

ዋሽንግተንና ስቶክሆልም ተቀምጠን የምንለጥፍ ሰዎች በራችን አይንኳኳም። ምስጋናው ለእኛ ሲሆን ጥሪው የሚደርሰው ማህደሩን ለያዘችው ጸሐፊ ነው። ደብዳቤው እውነት ከሆነና ሕዝብ ማወቅ ካለበት፣ የሚያጣራ ጋዜጠኛ እጅ ይግባ፤ ፍሬ ነገሩ በሌላ ቃል ይጻፍ፤ ፎቶው አይለጠፍ። «ማስረጃ የለህም» ተብሎ መሰደብ ይመጣል። የምንችለው ስድብ ነው፤ እሷ የምትከፍለው ከዚያ ይበልጣል።