ስለ በርበሬያችን የሚናገርልን ሰው ስንቀጥር

እዚህ ሞያሌ «ሕዝብ ግንኙነት» ሲባል ሰው የሚታየው ማዶ ያለው የመንግሥት ቢሮ ነው። ስብሰባ ላይ ካሜራ ይዞ የሚዞረው፣ ባነር የሚያሰቅለው፣ ማታ ላይ «ተገለጸ» ብሎ ዜና የሚጽፈው ሰው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት እኛ አምስት የበርበሬና የሽሮ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተን ናይሮቢ ያለ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ልንቀጥር ነው ስንል የሳቀብን ጥቂት አልነበረም። «እናንተ ደግሞ መቼ ሚኒስቴር ሆናችሁ?» ያሉንም አሉ።

ለዚህ ያበቃን ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። በቲክቶክ አንድ ቪዲዮ ወጣ። ፊቱን የማያሳይ ሰው አንድ እፍኝ በርበሬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይጨምርና ውሃው ሲቀላ ያሳያል። ከዚያ «በሞያሌ የሚገባው በርበሬ ይኸው ነው፤ ቀለምና የጡብ ዱቄት» ይላል። (በርበሬ ውሃ ባያቀላ ነበር የሚያስደነግጠው፤ ግን ይህን ማን ይስማ!) በሁለት ሳምንት ውስጥ ኢስሊ ያሉ ደንበኞቻችን ትእዛዝ ቀነሱ። ሀርሊንግሃም ያለ አንድ ምግብ ቤት ጭራሽ አቆመ። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ እትዬ፣ በዚህ ንግድ ሃያ ዓመት ልጆች ያሳደጉ ሴት፣ በአውቶቡስ የላኩት ስድስት ኬሻ ከነስፌቱ ተመለሰላቸው። ኪሳራው የእሳቸው ብቻ ቢመስልም፣ የሁላችንም በርበሬ የሚጠራው «የሞያሌ በርበሬ» ተብሎ ነውና ስድቡ ለሁላችን ደረሰ።

ሰው ለምን አመነ? ለማመን ምክንያት ስለነበረው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ ላይ ጀሶና ሰጋቱራ ሲቀላቅሉ ስለተያዙ ሰዎች ሁላችንም ሰምተናል። አንድ ሰው ሲያጭበረብር ድንበሩ ሁሉ ይጠረጠራል። በመጋቢት 2021 የኬንያ የግብርናና ምግብ ባለሥልጣን በአንድ ደብዳቤ ከኡጋንዳና ከታንዛንያ የሚገባውን በቆሎ በሙሉ አገደ፤ ምክንያቱ የሻጋታ መርዝ ነበር። ንጹሕ በቆሎ የጫነውም የሻገተ የጫነውም እኩል ቆመ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በሩ ሲከፈት ደግሞ የከፈተው አቤቱታና መግለጫ ብቻ አይደለም። አስመጪዎች እንዲመዘገቡ፣ በቆሎውም አፍላቶክሲኑ ከ10 ፒፒቢ እንደማይበልጥ የሚመሰክር ወረቀት ይዞ እንዲመጣ ተደረገ። ይህን ያኔ ልብ ብለነው ቢሆን ኖሮ ብዙ ገንዘብ እናድን ነበር።

እኛ ግን በቀጥታ ወደ መግለጫው ሮጥን።

ድርጅቱ ስሙ ይቅር፤ ትልቅ ነው፣ ቢሮውም ያማረ ነው። የመደቡልን ወጣት ሴት ትሁት ነበረች፤ እትዬን «ማዳም» እያለች በስማቸው ስትጠራቸው ግን እትዬ እስከ መጨረሻው አልለመዱትም። በመጀመሪያው ቀን አራት ነገር ጠየቀችን። በርበሬውን ከየት ትገዛላችሁ? የት ይፈጫል? ማን መረመረው? ወረቀቱን ማየት እችላለሁ? እኛ ለአራቱም አንድ መልስ ሰጠን፦ «ንጹሕ ነው፤ ሁሉም ያውቀናል»። ስለ ኬብስ፣ ማለትም ስለ ኬንያ የደረጃዎች ቢሮ ፈቃድ ስትጠይቅ ከመካከላችን አንዱ «ሁላችንም አለን» አለ። እውነቱ ግን ሁለታችን ነበረን፣ የአንዱ ጊዜው አልፎ ነበር፣ ሁለቱ ጨርሶ አልነበራቸውም። ሁላችንም ይህን እናውቃለን። ሁላችንም ዝም አልን። ወንድማችንን በሰው ፊት ማን ያሳፍር? ይሉኝታ ያዘን።

መግለጫው ወጣ፤ «አምስቱም ነጋዴዎች በኬብስ የተረጋገጠ ምርት ይሸጣሉ» ይላል። ጋዜጠኛ ደወለ፤ የፈቃድ ቁጥራችሁን ላኩልኝ አለ። ሁለት ቁጥር ላክን። ቀጥሎ የወጣውን ዜና መገመት አያቅታችሁም። ቪዲዮውን ጨርሶ ያላየ ሰው እንኳ ዜናውን አየ።

ለአንድ ወር ያህል ድርጅቱን ስንረግም ከረምን። ዛሬ እኔ የማምነው ሌላ ነው። ልጅቷ ወረቀቱን ሳታይ መጻፏ ጥፋቷ ነው፤ ውሸቱን ያበላናት ግን እኛ ነን። አንድ ትንሽ ንግድ ከእንዲህ ዓይነት ድርጅት ጋር ሲሠራ ትልቁ ነገር የድርጅቱ ትልቅነት ወይም የክፍያው መጠን አይመስለኝም። ጓዳችሁን ለተቀጠረው ሰው ትከፍታላችሁ ወይ? ለሐኪም የሚደበቅ ሕመም እንደማይድን ሁሉ ለእነሱም የሚደበቅ ጉድ መውጫው ሩቅ አይደለም፤ ያውም በጋዜጣ።

ችግራችን አንዱ ሥራውን ከድለላ ጋር ማምታታታችን ነው። ደላላ እናውቃለን፤ ሲያሻሽጥ ኮሚሽኑን ይወስዳል፣ ካልተሸጠ የለም። የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ግን በየወሩ ይከፈለዋል፤ ሪቴይነር ይሉታል። ዜናው ወጣም አልወጣም ይከፈላል፤ ምክንያቱም የሚሸጥላችሁ ጊዜውንና ምክሩን ነው። ማስታወቂያም አይደለም። ማስታወቂያ ቦታ መግዛት ነው፤ በገንዘባችሁ የፈለጋችሁትን ታስነግራላችሁ። ይኸኛው ሥራ ሌላ ሰው፣ ጋዜጠኛው ወይም የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ስለ እናንተ በራሱ አፍ እንዲናገር ምክንያት መስጠት ነው። ስለዚህ «ጋዜጣ ላይ በእርግጠኝነት አወጣችኋለሁ» የሚል ሰው ካገኛችሁ በምን መንገድ እንደሆነ ጠይቁት። ወይ ማስታወቂያ ገዝቶ ነው፣ ወይ ለጋዜጠኛው «አበል» ብሎ ፖስታ ሰጥቶ። ፖስታው ሲታወቅ የሚጠፋው የእናንተ ስም ነው።

የወገኖቻችንን ታሪክ ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። በ2005 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም ነገሩን አልወደደውም። በጥቅምት 2006 ኦክስፋም ጉዳዩን ወደ አደባባይ ሲያወጣው በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለኩባንያው ጻፉ፣ ደወሉ። በሰኔ 2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ ስምምነት ላይ ደረሱ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጩኸቱን ነው። ጩኸቱ ከመምጣቱ በፊት ግን የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻውን አስገብቶ፣ ጠበቃ ይዞ፣ የሚፈልገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይችል ነበር፦ ስሞቹ የእኛ ናቸው፣ በፈቃዳችን ተጠቀሙባቸው። ጋዜጠኛ የትኛውንም ጥያቄ ቢያነሣ የሚሰጠው ወረቀት ነበረ። ሶል ሬብልስን ያቋቋመችው ቤተልሔም ጥላሁንም እንደዚሁ ናት። ከዘነበወርቅ ሰፈር ተነሥታ ዓለም ያወቃት ከአሮጌ ጎማ ጫማ ትሠራለች በተባለ ወሬ ነው፤ ጎማውና ሸማኔው ደግሞ ሄዶ ማየት ለሚፈልግ ሁሉ እዚያው ነበሩ። በረባሶ ለእኛ አዲስ ነገር ባይሆንም እሷ ግን የምታሳየው ነገር ነበራት።

እኛ ምን ነበረን? ስድስት የተመለሰ ኬሻ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ አንድም ቃል ለማንም አልተናገርንም። ፈቃድ ያልነበራቸው ጨረሱ፣ ጊዜው ያለፈበት አሳደሰ፤ የአምስታችንንም በርበሬ ናሙና አስመረመርን። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የምታስቡትን አውቃለሁ፤ እኔም አስቤዋለሁና። ስም ያወጣ ነጋዴን ግብር ሰብሳቢ ቀድሞ ያገኘዋል። ብዙ ነጋዴ የሕዝብ ግንኙነት የማይወደው ስለማይገባው አይደለም፤ መታየት ስለማይፈልግ ነው። ግማሹ ዕቃው በፓንያ መንገድ ያደረ ሰው ፎቶው ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ምን ይጠቅመዋል? እውነቱን ለመናገር፣ ለእንዲህ ያለው ሰው የምሰጠው ምክር ድርጅት አትቅጠር የሚል ነው። በታኅሣሥ 2020 የጋራው የድንበር ኬላ የተመረቀው ዕቃ አንድ ቦታ ብቻ ቆሞ በሁለቱም ሀገር ሠራተኞች እንዲታይ ታስቦ ነው። አሠራሩ እንደታሰበው ቀልጥፏል ብዬ አልከራከርም፤ ሰልፉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን በእሱ በኩል ያለፈ ኬሻ ታሪኩ ሲጠየቅ መልስ አለው።

ሁለተኛ ጊዜ የቀጠርነው ሁለት ሰዎች ብቻ ያሉትን ትንሽ ድርጅት ነው። በወር 60,000 ሺሊንግ፣ ለአምስት ሲካፈል 12,000። (የመጀመሪያው ሒሳብ ሲመጣ 16 በመቶ ቫት ተጨምሮበት ደንግጠን ስለነበር፣ አሁን ዋጋው ቫቱን ይጨምር እንደሆነ ሳንጠይቅ አንፈርምም።) ውሉ የሦስት ወር ነው። ከድርጅቱ ጋር የሚነጋገረውም ከእኛ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አምስታችን በየተራ ስንደውል የመጀመሪያዋን ልጅ እንዴት እንዳደናገርናት አሁን ሳስበው አፍራለሁ። የምንፈልገውንም በአንድ መስመር ጻፍን፦ ትእዛዝ ያቆሙና የቀነሱ ስምንት ምግብ ቤቶች ይመለሱ። ጋዜጣ አላልንም፣ «ታዋቂነት» አላልንም።

ልጁ ይህን ሲያነብ «እንግዲያው መግለጫ አያስፈልጋችሁም፤ ወጥ የሚሠሩትን ሰዎች ወፍጮ ቤታችሁ አምጧቸው» አለን። ናይሮቢ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ነው። ግን አስፋልቱ ካለቀ ወዲህ የአንድ ሌሊት መንገድ ሆኗልና ሦስት ሴቶች በአውቶቡስ መጡ። በርበሬው ሲቀነጠስ፣ ሲታጠብ፣ ሲሰጣ፣ ከኮረሪማውና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ሲደለዝ አዩ። አንዷ የወፍጮ ቤቱን ወለል አይታ ፊቷን አጨማደደች፤ ልክ ነበረች፣ በዚያው ሳምንት ሲሚንቶ አስደረግነው። ልጁ ሲሚንቶው ሲፈስም ፎቶ አነሣ። እኔ ብሆን እደብቀው ነበር። እሱ ግን ፎቶውን ለስምንቱም ምግብ ቤት ላከ፤ «እንግዳችን ነግራን አስተካከልን» ከሚል አንድ መስመር ጋር።

ስለ ፎቶ ካነሣሁ አይቀር፣ ሴቶቹን ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ጠይቆ ነው ያነሣቸው። ኬንያ ከ2019 ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አላት። በ2023 አንድ የናይሮቢ መዝናኛ ቤት የደንበኛን ፎቶ ያለፈቃድ በማኅበራዊ ገጹ ስለለጠፈ 1,850,000 ሺሊንግ ተቀጥቷል። ሱቃችሁ በር ላይ ደንበኛ እያነሣችሁ የምትለጥፉ አስቡበት።

ቋንቋውን ደግሞ ለማንም አትስጡ። የመጀመሪያው ድርጅት የላከልን የአማርኛ ጽሑፍ በርበሬያችንን «ሞቃት በርበሬ» ይለዋል፤ እንግሊዝኛውን በማሽን ገልብጠውት ነው። አሁን እንግሊዝኛውንና ስዋሂሊውን ልጁ ይጽፋል፣ አማርኛውንና ቦረንኛውን እኛው ራሳችን። ለማርሳቢት ደንበኛ ደግሞ ከናይሮቢ ጋዜጣ ይልቅ ሬዲዮ ጃንግዋኒ ይቀርበዋል፤ ናይሮቢ ቁጭ ያለ ባለሙያ ይህን እናንተ ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል?

ከስምንቱ ምግብ ቤቶች አምስቱ ተመልሰዋል። ውሉ በዚህ ወር ያልቃል፤ ይታደስ አይታደስ በሚለው ተከፋፍለናል። ሁለቱ ገንዘቡ ለአዲስ ወንፊትና ለማሸጊያ ይዋል ይላሉ፤ ክፉ ሐሳብ አይደለም። እኔ ለሦስት ወር ብቻ ይታደስ ባይ ነኝ፣ የሚቀጥለው ቪዲዮ ሲወጣ ስልክ የምንደውልለት ጓዳችንን የሚያውቅ ሰው እንዲኖረን።

ሀርሊንግሃም ያለው ምግብ ቤት እስካሁን አልተመለሰም፤ ባለቤቱ ስልካችንን አያነሡም። ልጁን ምን እናድርግ ብለን ስንጠይቀው «ለእሳቸው ምንም አትላኩ፤ እትዬ ራሳቸው ይሂዱ» አለ። እትዬ የሰኞ ማታውን አውቶቡስ ቆርጠዋል።