ከሥዕሉ በፊት ቋንቋው

ኮምፒውተርን በጽሑፍ ማዘዝ ይሻላል ወይስ በሥዕል? በሙያው ውስጥ ይህ ክርክር ከዐርባ ዓመት በላይ ጎራ አስለይቷል። ወደ እኛ ሲደርስ ደግሞ መልኩን ቀይሮ «የልጅ መጫወቻ» እና «የአዋቂ ሥራ» ሆኖ ቀርቷል። በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ወጣ ብሎም እስከ ግሽ ዓባይ ባለው ገጠር ለሚማር ልጅ ግን ቀዳሚው ጥያቄ ይህ አይደለም ባይ ነኝ። ቀዳሚው ጥያቄ ትእዛዙ የተጻፈው በማን ቋንቋ ነው የሚለው ነው።

«በሥዕል» ሲባል ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች በአንድ ስም እየተጠሩ ስለሆነ እነሱን እንለይ። አንደኛው የአሜሪካው የቴክኖሎጂ ተቋም ኤምአይቲ በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ እንዳቀረበው ስክራች ያለው ነው። ልጁ ባለቀለም ጡቦችን እየጎተተ ያገጣጥማል፤ የማይሆን ጡብ ከማይሆነው ጋር አይገጥምም፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ረስቶ ግማሽ ቀን መባከን የለም። ልብ ብሎ ላየው ግን ጡቡ ላይ የሰፈረው ቃል ነው፤ የሚነበበውም ከላይ ወደ ታች ነው። ስክራች ልብስ የለበሰ ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው ግን እውነተኛ ሥዕል ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው ላብቪው ሳጥኖችን በሽቦ መሳይ መስመር ያገናኛል። የፋብሪካ ማሽኖችን የሚቆጣጠረው ፒኤልሲ የሚታዘዝበት ላደር ደግሞ ስሙ እንደሚለው መሰላል ነው፤ ግራና ቀኝ ሁለት ቋሚ፣ በመካከላቸው መረገጫዎች። ሥዕል የልጅ ጨዋታ ነው የሚል ቡሬ ድረስ ይሂድ። በ2013 ዓ.ም. የፊቤላ ዘይት ፋብሪካና የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቁባት ከተማ ናት። በዚህ ዓይነት ፋብሪካ ፓምፑን የሚያስነሳው፣ ጋኑ ሲሞላ የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ ፒኤልሲ ነው፤ የጥገና ባለሙያው ላፕቶፑን ሰክቶ የሚያነበውም በአመዛኙ ያንኑ መሰላል ነው።

ታዲያ ሥዕል ከጽሑፍ ይቀላል? ማስረጃው እንዲያ አይልም። ቶማስ ግሪንና ማሪያን ፔትሬ በ1992 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት፣ ላብቪውን በሥራ የለመዱ ሰዎች ሳይቀሩ ተመሳሳዩን ነገር ከጽሑፉ ይልቅ ከሥዕሉ ለመረዳት ረዘም ያለ ጊዜ ወስዶባቸዋል። መስመር በመስመር ላይ ሲደራረብ ዓይን መነሻና መድረሻው ይጠፋበታል። መሰላሉ ግን እስከ ዛሬ ዘልቋል፤ ያዘለቀው ሥዕልነቱ አይመስለኝም። ፒኤልሲ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲፈጠር የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያኖች የሬሌይን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያን፣ መሰላል መሳይ ንድፍ ማንበብ ያውቁ ነበር። እነሱን አዲስ ቋንቋ ከማስተማር ማሽኑ የእነሱን ንድፍ እንዲማር ተደረገ።

የግሽ ዓባይ ልጅስ አስቀድሞ የሚያውቀው ምንድን ነው? አማርኛ ነው። አማርኛና ግዕዝ ደግሞ ለስሌት ትእዛዝ እንግዳ አይደሉም። የጎጃም የአብነት ተማሪ የበዓላትና የአጽዋማት መቁጠሪያ የሆነውን ባሕረ ሐሳብ ሲቆጥር 2018 ዓ.ም. ላይ 5500 ደምሮ 7518 ያገኛል፤ በ19 ሲገድፈው 13 ይተርፈዋል፤ አንዱን ለዘመን ትቶ ወንበሩን 12 ይላል። 12ን በ11 አባዝቶ በ30 ቢገድፍ አበቅቴው 12፣ በ19 አባዝቶ ቢገድፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። ቀሪ አለ፤ ስም ተሰጥቶት ለኋላ የሚቀመጥ ቁጥር አለ፤ «ከሆነ» እና «ካልሆነ» አለ። ፕሮግራም የሚባለው ይኸው ነው፤ ሥዕልም እንግሊዝኛም ሳይገባበት ተሠርቷል።

በራስ ቋንቋ ማዘዝ እንደሚረዳም ጥናት አለ። ሳያሚንዱ ዳስጉፕታና ቤንጃሚን ማኮ ሂል በ2017 እ.ኤ.አ. የአምስት አገሮችን የስክራች ጀማሪዎች ሥራ መርምረው፣ ጡቦቹን በአገራቸው ቋንቋ የተጠቀሙት በእንግሊዝኛ ከተጠቀሙት የአገራቸው ልጆች ይልቅ አዳዲስ ጽንሰ ሐሳቦችን ፈጥነው ሥራ ላይ እንዳዋሉ አሳይተዋል። ስክራች በአማርኛም አለ። በአንጻሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና፣ በጎ ዓላማው እንዳለ ሆኖ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብና ኢንተርኔት ያለው ሰው ይፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ሲባባስ ኢንተርኔት ለወራት እንደተቋረጠ እናውቃለን። ስክራች አንድ ጊዜ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

«ልጆቹ ጡብ ለምደው ጽሑፍ ያስጠላቸዋል» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ግን ተፈትኗል። ተመራማሪዎቹ ዌይንትሮፕና ዊለንስኪ በአንድ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጡብና በጽሑፍ የጀመሩ ተማሪዎችን ሲያወዳድሩ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ በጡብ የጀመሩት በልጠው ተገኙ፤ ሁሉም ጃቫ ጽፈው ከዐሥር ሳምንት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ይህ ለእኔም ሙሉ በሙሉ አይመችም፤ ጉዳቱ አልታየም፣ ጥቅሙም አልዘለቀም። ይሁንና እነዚያ ልጆች የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ጡቡ ያነሳላቸው የሰዋስውን ሸክም ብቻ ነበር። የእኛው ልጅ ሁለት ሸክም አለበት፤ ሰዋስውና እንግሊዝኛ። «ውሎ አድሮ እንግሊዝኛው አይቀርም» ለሚለውም መልሱ አይቀርም ነው፤ በሰባት ዓመቱ እና በዐሥራ አምስት ዓመቱ መምጣቱ ግን አንድ አይደለም። መብራትና ኮምፒውተር በሌለበት ይህ ቅንጦት ነው የሚለው ከሁሉም የከበደ ነው፤ ጡብ መብራት አያመጣም። ኮምፒውተር የደረሰበት ትምህርት ቤት በምን ይጀምር የሚለውን ግን አስቀድሞ መወሰን ይቻላል።

ከሁሉ የቀረበው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። የስክራች ትርጉም የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ነው፤ ማንም ሊያርመው ይችላል። በፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያሉ የአማርኛና የሒሳብ መምህራን አብረው ተቀምጠው ጡብ በጡብ ቢያነቡት፣ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ «ዑደት» ይቀርበዋል ወይስ «ድገም» የሚለውን ከማንም በተሻለ ይፈርዳሉ። እኔ «ድገም» እላለሁ።