ከቀዶ ጥገና በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት

የሆድ ቀዶ ጥገናቸው የተሳካላቸው ሕሙማን ከቀናት በኋላ በሳንባ ምች ሲያዙ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ማደንዘዣ ሳንባ ራሱን የሚያጸዳበትን ሥርዓት ያዳክማል፤ የቁስሉ ሕመምም ታካሚው በጥልቀት እንዳይተነፍስና በኃይል እንዳይስል ያግደዋል። በዚህ መካከል አክታ በአየር ቧንቧዎች ይከማቻል፤ ተህዋስያንም መራቢያ ያገኛሉ።

መከላከያው ውድ መሣሪያ አይሻም። በዝግታና በጥልቀት መተንፈስ፣ አየሩን ጥቂት ሰከንድ ይዞ አፍን ከፍቶ «ሃ» እያሉ ማስወጣት፣ ቁስሉን በትራስ ደግፎ መሳል፣ ሐኪም እንደፈቀደም ፈጥኖ ከአልጋ ተነሥቶ መራመድ ዋነኞቹ ናቸው።

ወሳኙ ነገር ትምህርቱ የሚሰጥበት ጊዜ ነው። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በ441 ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን አሳይቷል። ከላይኛው የሆድ ክፍል ቀዶ ጥገና በፊት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለ30 ደቂቃ ካስተማራቸው ታካሚዎች የሳንባ ችግር የገጠማቸው 12 በመቶ ናቸው። የጽሑፍ መመሪያ ብቻ ከተሰጣቸው ግን 27 በመቶ ደርሰዋል።

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በሀገራችን የኦክስጅንን አስፈላጊነት አጉልቶ አሳይቷል። ሆኖም ኦክስጅን የተከማቸን አክታ ጠርጎ አያወጣም። በሆስፒታሎቻችን ሌሊቱን ከሕሙሙ አልጋ አጠገብ የሚያድረው አስታማሚ ነው። ታካሚውና አስታማሚው ይህን ልምምድ አስቀድመው በባለሙያ እንዲማሩ ማድረግ፣ እንደ ደም ምርመራ ሁሉ ከቀዶ ጥገና ዝግጅት ሊቆጠር ይገባል። ቁስሉ ማመም ከጀመረ በኋላ የሚሰጥ ምክር ሰሚ ጆሮ ማግኘቱ ያዳግታል።