ጅብ ከሄደ የሚጮህ ሂሳብ

የቀድሞው ዓለም አቀፍ የሂሳብ መስፈርት፣ ቁጥር 39፣ ባንኮችን «ተበዳሪው ካልተንገዳገደ ኪሳራ አትመዝግቡ» ይል ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው! በ2008 እ.ኤ.አ. የዓለም ባንኮች ሲንኮታኮቱ ጉዱ ታየ። ተተኪው ቁጥር 9 «ብድሩን ስትሰጡ ሊጠፋ የሚችለውን ገምታችሁ ከትርፋችሁ ቀንሱ» አለ። እኛም በአዋጅ ቁጥር 847/2006 እነዚህን ዓለም አቀፍ መስፈርቶች ተቀብለናል። ደግ ነው። ግን ገማቹ ማነው? ራሱ ባንኩ! ግምቱ ባነሰ ቁጥር የዘንድሮው ትርፍ ያብጣል፤ ነገ ብድሩ ሲበላሽ ግን ከፋዩ ባለአክሲዮኑ ነው። ስለዚህ ወገኖቼ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ «የትርፍ ድርሻችን ስንት ደረሰ?» ብላችሁ ብቻ ወደ ምሳው አትሩጡ። «ግምቱን ከምን ተነስታችሁ አወጣችሁት? የአምናውስ ልክ ሆነ ወይ?» በሉ። መልስ ካጡ... ጅቡ ደጅ ላይ ነው!