ዳኛ በካርድ ይመረጥ ለምትሉኝ

ዳኛም እንደ ምክር ቤት አባል በሕዝብ ድምፅ ይመረጥ እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ቁጭታችሁ ይገባኛል። የሶፊ ገበሬ የመሬት ክርክሩን ማን እንደሚዳኝለት የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ችሎት ፊት ሲቆም ነው። መድኃኒቱ ግን የምርጫ ሳጥን አይደለም።

አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ የካውንቲ ዳኛ የፓርቲ ስም ይዞ በየ4 ዓመቱ ይወዳደራል። ለቅስቀሳው ገንዘብ ከሚሰጡት መካከል ደግሞ ነገ ፊቱ ቆመው የሚከራከሩ ጠበቆች አሉ። ሜክሲኮም ግንቦት 2017 ላይ ዳኞቿን በሕዝብ ድምፅ አስመረጠች፤ የወጣው መራጭ ከመቶ 13 ገደማ ነው። እኛ ጋ ቢመጣስ? ዕጩው ድምፅ የሚለምነው በብሔር፣ በሰፈርና በፓርቲ ነው። ታዲያ ያልመረጠው ሰው ክሱን ይዞ ማን ጋ ይሂድ?

ያለው አሠራር ደህና ነው ግን አላልኩም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት የክልል ዳኞችን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያቀርባል፣ የክልሉ ምክር ቤት ይሾማል። ወረቀት ላይ ያምራል። እኛ የምንሰማው ግን ከተጨበጨበ በኋላ ነው።

ብርቱካን ሚደቅሳን አስታውሱ። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳለች የቀድሞውን መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃን በዋስ እንዲፈታ አዘዘች። ፖሊስ ወዲያው መልሶ ያዘው። ምክር ቤቱም በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ በጥድፊያ አወጣ። በካርድ ተመርጣ ቢሆን ኖሮ ፖሊሱ ይሰማት ነበር? በፍጹም! ድሮ «በሕግ አምላክ» ሲባል መንገደኛው እንኳ ይቆም ነበር። ዛሬ ማኅተም ያለበት ትእዛዝ የማያቆመው ባለሥልጣን ሞልቷል። የጎደለን እሱ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ይሁን፦ የዕጩ ዳኞች ስም፣ ትምህርትና የሥራ ታሪክ ከሹመቱ በፊት በየወረዳው ይለጠፍ፤ ሶፊ ላይ በኦሮምኛም ጭምር። ሕዝቡ አስተያየቱን ይስጥ። ዳኛ ሲነሳ ምክንያቱ በግልጽ ይነገረን። የፍርድ ቤት ትእዛዝ አልፈጽምም ያለ ሹም በስሙ ተጠርቶ ይጠየቅ። አንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በስተቀር በሌላ አይመራም ይላል፤ ሹመቱን ሳናውቅ ያለፍነውን ዳኛ ግን ሲገፉት ማን ይቆምለታል?

«መምህር፣ ተሳስተዋል» የምትሉ ኑ፣ እንከራከር። ስድብ ግን አጠፋለሁ።